የቆረቆር ክኒን ለምን ሁለት ወር ይፈጃል?

ይህ ጽሑፍ በካምፓችን ሬዲዮ የጤና ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር ነው። ሬዲዮ ለሌላችሁ፣ ባትሪ ላለቀባችሁ፣ ውኃ ወረፋ ላይ ሆናችሁ ላመለጣችሁ እንዲደርስ በወረቀት አትመነዋል። አንብባችሁ ስትጨርሱ ለጎረቤት አሳልፉት። ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ እባካችሁ አንብቡለት።

የዛሬው ርእሳችን የመጣው ከአንዲት እናት ደብዳቤ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ሦስት ልጆቼን ቆረቆር ያዛቸው። ክሊኒክ የሄድኩት የአምስት ዓመት ልጄን ብቻ ይዤ ነው። 21 ክኒን ሰጡኝና በቀን ግማሽ ግማሽ ስጫት አሉኝ። እኔ ግን ሦስቱም ልጆቼ ናቸውና አካፈልኳቸው። ማሳከኩ ተወላቸው፣ ደስ አለኝ። ከወር በኋላ ግን የሦስቱም ራስ ወደ ድሮው ተመለሰ። መድኃኒቱ የውሸት ነው ወይ?»

እኅታችን፣ መድኃኒቱ የውሸት አይደለም። እርስዎም ያደረጉት ማንኛዋም እናት የምታደርገውን ነው። ነገር ግን አብረን እናስላው። 21 ክኒን በቀን ግማሽ ግማሽ ሲወሰድ ለ42 ቀን ይሆናል። 42 ቀን ማለት ስድስት ሳምንት ነው። ለሦስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ልጅ የደረሰው 14 ቀን ብቻ ነው። ስድስት ሳምንት የሚፈልግ በሽታ በሁለት ሳምንት አይድንም። አንዷን ሊያድን ይችል የነበረ መድኃኒት ሦስቱንም ሳያድን አለቀ። ለምን እንደዚህ እንደሚሆን ለመረዳት ክኒኑ በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቆረቆር ምንድን ነው?

ቆረቆር የራስ ቆዳንና ጸጉርን የሚያጠቃ የፈንገስ በሽታ ነው። ፊት ወይም ገላ ላይ ሲወጣ ጭርት የምንለው ነው፤ በሽታው የአንድ ቤተሰብ ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን «ማሺሊንጊ» ይሉታል፣ እንደ ሽልንግ ሳንቲም ክብ ሆኖ ስለሚታይ ነው። ራስ ላይ ጸጉሩ በክብ በክብ ይሳሳል፣ ቆዳው ነጭ ቅርፊት ያወጣል፣ ያሳክካል። አንዳንዴ ጸጉሩ ከሥሩ ተሰብሮ ጥቁር ነጠብጣብ መስሎ ይቀራል። ከአንገት ጀርባ እንደ ባቄላ የሚዳሰስ ንፍፊትም ሊኖር ይችላል።

በብዛት የሚይዘው ልጆችን ነው። ከራስ ወደ ራስ፣ በሚዶ፣ በቆብና በሻሽ፣ በጸጉር መላጫና በመኝታ ይተላለፋል። ከድመት፣ ከውሻና ከጥጃም ሊመጣ ይችላል። ከቡዳ አይመጣም። የእናት ስንፍናም አይደለም። ውኃ በጄሪካን ተቆጥሮ በሚገኝበት፣ አምስትና ስድስት ልጅ በአንድ ምንጣፍ ላይ በሚተኛበት ቦታ ንጹሕ የሆነውንም ልጅ ይይዘዋል። «ቆረቆራም» ብሎ ልጅን መሳደብ ግን ከበሽታው የባሰ ጉዳት ያመጣል። በዚህ ስድብ ምክንያት ትምህርት ቤት አልሄድም ብለው ቤት የቀሩ፣ በዚህ ሐሩር ቀኑን ሙሉ ሻሽ ከራሳቸው የማያወልቁ ልጆች እናውቃለን።

ቅባት ለምን አይበቃም?

ብዙዎቻችሁ መጀመሪያ ቅባት ትቀባላችሁ። ለገላ ጭርት ክሊኒኩ የሚሰጠው የፈንገስ ቅባት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ራስ ላይ ሲሆን ግን ፈንገሱ ያለው ቆዳው ላይ ብቻ አይደለም። ጸጉሩ ውስጥና ሥሩ ድረስ ገብቷል። ቅባት እዚያ አይደርስም። ስለዚህ መድኃኒቱ ከውስጥ፣ በደም በኩል መምጣት አለበት። ለዚህ ነው ክኒን የሚሰጠው።

ክኒኑ ግሪሲዮፉልቪን ይባላል። ከአንድ የሻጋታ ዓይነት የተገኘ መድኃኒት ነው። የለንደን ተመራማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1939 ሲሆን፣ ሰው በአፉ ወስዶት ቆረቆርን እንደሚያድን የታወቀው ግን ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት በብዙ አገር የልጆችን ጸጉር በራጅ ጨረር ያረግፉት ነበር። በእስራኤል በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጡ ብዙ ሕፃናት ይህ ሕክምና ተደርጎላቸው፣ ከዓመታት በኋላ አንዳንዶቹ ላይ የራስና የአንገት ዕጢ ወጣባቸው። የአገሪቱ ምክር ቤት በ1994 ለተጎጂዎቹ ካሣ የሚከፈልበት ሕግ አወጣ። «ድሮ ያለ ክኒን ይድን ነበር» ለሚሉ አባቶቻችን ይህን ለማስታወስ ያህል ነው።

ክኒኑ እንዴት ይሠራል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ግሪሲዮፉልቪን ፈንገሱን አይገድለውም። እንዳያድግና እንዳይራባ ብቻ ይይዘዋል።

በካምፓችን ቤት የሠራ ሰው ምስጥን ያውቃል። ምስጥ የበላውን ምሰሶ ምንም ቢያደርጉት አይመለስም። አዲስ ምሰሶ ሲተከል ግን የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀባና ይተከላል፤ ምስጡ ወደዚያ አይጠጋም። ክኒኑም የሚያደርገው ይህንን ነው። ከሆድ ወደ ደም፣ ከደም ወደ ጸጉር ሥር ሄዶ አዲስ በሚበቅለው ጸጉር ውስጥ ይገባል። ፈንገሱ ወደዚያ ጸጉር መግባት አይችልም። አሮጌው፣ የታመመው ጸጉር ግን ፈንገሱን እንደያዘ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይገፋል፤ በኋላም ይረግፋል ወይም ይቆረጣል።

የራስ ጸጉር በወር የሚያድገው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ የታመመው ጸጉር በጤነኛው እስኪተካ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ስምንት፣ አንዳንዴም እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይሄዳል። ክኒኑ በሁለተኛው ሳምንት ቢቆም ከዚያ በኋላ የሚበቅለው ጸጉር ዘይት ያልተቀባ ምሰሶ ይሆናል። ፈንገሱ ደግሞ እዚያው፣ አጠገቡ ነው። ማሳከኩ መቆሙ ድኗል ማለት አይደለም። የእኅታችን ልጆች ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ስንት? መቼ? ከምን ጋር?

መጠኑ የሚወሰነው በልጁ ክብደት ነው። የሕክምና መመሪያዎች ለልጅ በቀን ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም በእያንዳንዱ ኪሎ ይላሉ። ክኒኑ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ባለ 125 እና ባለ 500 ሚሊግራም ሆኖ ነው። ሁለቱ በመልክ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ «ባለፈው ሁለት ክኒን ነበር» ብላችሁ ዛሬም ሁለት አትስጡ። በየጊዜው ስትቀበሉ «ይህ ስንት ነው? በቀን ስንት ልስጥ?» ብላችሁ ጠይቁ። 12 ኪሎ የሚመዝን ልጅና 30 ኪሎ የምትመዝን እኅቱ አንድ ዓይነት መጠን አይወስዱም። ሦስት ልጅ ከታመመ ሦስቱንም ይዛችሁ ኑ፤ ሦስቱም ተመዝነው እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ይቀበላሉ። ወረፋው ረጅም መሆኑን እናውቃለን። ቢሆንም ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ከመሰለፍ ይሻላል።

ክኒኑ በባዶ ሆድ ከተወሰደ አብዛኛው ሳይሠራ ከሰውነት ይወጣል። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን ግን በደንብ ወደ ደም ይገባል። ወተት ያገኘ በወተት ይስጥ። ወተት ከሌለ የራሽን ዘይት ይበቃል። ወጡ ላይ፣ ንፍሮው ላይ ወይም ገንፎው ላይ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ ልጁ ሲበላ ክኒኑን ስጡት። በቀን አንዴ የሚበላ ቤት ከሆነ በዚያችው ምግብ ሰዓት ይሁን። ክኒን መዋጥ ለማይችል ትንሽ ልጅ በማንኪያ ጀርባ ፈጭታችሁ ከምግቡ ጋር አቀላቅሉት፤ ያንን ጉርሻ ግን ጨርሶ መዋጡን እዩ።

አንድ ቀን ከረሳችሁ ባስታወሳችሁ ጊዜ ስጡ። በማግስቱ ከሆነ ያስታወሳችሁት የዚያን ቀን ብቻ ስጡ፤ እጥፍ አታድርጉ። እንዳይረሳ አንዳንድ እናቶች ግድግዳ ላይ በከሰል በየቀኑ አንድ መስመር ያሰምራሉ። ከሰማነው ዘዴ ሁሉ ይህን ወደነዋል።

ክኒኑን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከጣሪያው ቆርቆሮ ሙቀት ርቆ፣ ልጆች በማይደርሱበት ጥላ ቦታ አስቀምጡ።

መውሰድ የሌለበት ማነው?

እዚህ ላይ እባካችሁ ሬዲዮውን ከፍ አድርጉት ብለን ነበር፤ አሁን ደግሞ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ነፍሰ ጡር ሴት ይህን ክኒን መውሰድ የለባትም፤ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። መውሰድ ያቆመች ሴትም ቢያንስ አንድ ወር ሳይሞላት ባታረግዝ ይመከራል። ወንድ ደግሞ ክኒኑን ሲወስድና ካቆመ በኋላ እስከ ስድስት ወር ድረስ ልጅ እንዳይወልድ መመሪያው ይላል። የምታጠባ እናትም ለጤና ባለሙያው ሳትናገር አትውሰድ። ይህ ሁሉ ስለሚወስደው ሰው ነው፤ ነፍሰ ጡር እናት ለልጇ ክኒኑን ብትሰጥ ምንም ችግር የለውም።

ሌላም አለ። ክኒኑ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልን ኃይል ሊቀንስ ይችላል። እንክብሉን በየቀኑ ሳታስታጉል እየዋጠች ሴትየዋ ልታረግዝ ትችላለች ማለት ነው። ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን የምትጠቀሙም ብትሆኑ ለቤተሰብ ምጣኔ ነርሷ «የቆረቆር ክኒን እየወሰድኩ ነው» በሏት። ክኒኑን በምትወስዱበት ጊዜና ካበቃ በኋላ ለአንድ ወር ኮንዶም ጨምሩበት። ይህ ጉዳይ የሚመለከተው ትልልቅ ሴቶችን ብቻ አይደለም። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች፣ የተዳረች ልጅም ቆረቆር ወይም ጭርት ይይዛታል። ባለሙያው ቢጠይቃት በእናቷ ፊት ላትናገር ትችላለችና ለብቻዋ እንድትነጋገር ዕድል ስጧት።

የጉበት በሽታ ያለበት ሰው አይወስደውም። ሉፐስ የሚባለው ሕመም ያለበትም እንዲሁ። ለፔኒሲሊን አለርጂ ያለበት ሰው አስቀድሞ ይናገር። ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል የሚወስድ ልጅ ላይ የፈንገሱ ክኒን ኃይሉ ሊቀንስ ይችላል፤ በዚህ ምክንያት የሚጥል በሽታውን መድኃኒት ግን በምንም ዓይነት አታቋርጡ፣ ለባለሙያው ብቻ ንገሩ። ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የምትወስዱም ንገሩ። በአጭሩ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ መጥታችሁ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፉት፤ ማንም አይስቅባችሁም።

ክኒኑን የሚወስድ ትልቅ ሰው አረቄ፣ ጠላ፣ ቡሳም ሆነ ቻንጋ አይጠጣ። ፊት ያቀላል፣ ልብ ያስመታል፣ ያጥወለውላል።

ሲወሰድ ምን ሊሰማ ይችላል?

ራስ ምታት በብዛት ይታያል፤ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መጥቶ ይተዋል። ማቅለሽለሽና ተቅማጥም ሊኖር ይችላል፤ ከምግብ ጋር መውሰድ ይረዳል። ክኒኑ ቆዳን ለፀሐይ ያስፈራል፣ ማለትም ሌላ ጊዜ የማያቃጥል ፀሐይ ሊያቃጥል ይችላል። ልጁ በእኩለ ቀን ጥላ ሥር ይጫወት፣ ቀለል ያለ ጨርቅ ራሱ ላይ ጣል ይደረግለት።

ብዙ ወላጆችን የሚያስደነግጥ አንድ ነገር አለ። ሕክምናው በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጆሮ ግንድ፣ አንገትና ደረት ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ሊወጣ ይችላል። «መድኃኒቱ አልተስማማውም» ተብሎ ክኒኑ ይጣላል። ብዙውን ጊዜ ግን ይህ ሰውነት ፈንገሱን ሲዋጋ የሚያወጣው ሽፍታ ነው እንጂ የክኒኑ ጥፋት አይደለም። ራሳችሁ አትወስኑ፤ ልጁን አምጡና እንየው።

ክኒኑን ወዲያው አቁማችሁ በዚያው ቀን ወደ ክሊኒክ የምትሮጡባቸው ምልክቶች ግን አሉ። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ቆዳ ውኃ ከቋጠረ ወይም ከተላጠ፣ አፍ ውስጥ ቁስል ከወጣ፣ ፊት ካበጠ፣ መተንፈስ ካስቸገረ፣ ትኩሳት ከጉሮሮ ሕመም ጋር ከመጣ፣ ልጁ ግራ ከተጋባ ወይም ከተንገዳገደ አትጠብቁ። እነዚህ ብዙ ጊዜ አይደርሱም። ከደረሱ ግን ማታም ቢሆን ኑ።

እብጠቱን አትብጡ

አንዳንድ ልጅ ራሱ ላይ የቆረቆሩ ቦታ አብጦ፣ ለስልሶ፣ መግል ያወጣል። እባጭ ይመስላል። በምላጭ የተበጡ ልጆች ወደ ክሊኒክ መጥተዋል። ይህ ግን የሚበጣ እባጭ አይደለም፤ ሰውነት በፈንገሱ ላይ በጣም ተቆጥቶ ያመጣው እብጠት ነው። ቢበጣ ይደማል፣ ይመረቅዛል፣ ጠባሳው ላይም ጸጉር ላይበቅል ይችላል። የሚድነው በክኒኑ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ በቶሎ ይምጣ፤ ሲቆይ የጠፋው ጸጉር ሳይመለስ ሊቀር ይችላል።

ከገበያ ስለሚገዛው

ክሊኒኩ ውስጥ ክኒኑ ያለቀበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ሰው ወደ ገበያ ይሄዳል። ልንከለክላችሁ አንችልም፤ ስለ ሁለት ነገር ግን እናስጠነቅቃችሁ።

አንደኛው ኪቶኮናዞል የሚባል ክኒን ነው። ድሮ ለፈንገስ በብዛት ይሰጥ ነበር። ጉበትን ክፉኛ ሊጎዳ ስለሚችል እ.ኤ.አ. በ2013 የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ክኒኑ ለፈንገስ ሕክምና መሸጡ እንዲታገድ መከረ፤ የአሜሪካው ተቆጣጣሪም በዚያው ዓመት ለቆዳና ለጥፍር ፈንገስ መሰጠት እንደሌለበት አስታወቀ። ለልጅ ቆረቆር ብላችሁ አትግዙት። ልብ በሉ፣ የምናወራው ስለሚዋጠው ነው። በኪቶኮናዞል የተሠራ የራስ ሻምፑ ይህ ችግር የለበትም፤ እንዲያውም ከግሪሲዮፉልቪኑ ጋር በሳምንት ሁለቴ ቢታጠቡበት ወደ ሌላው እንዳይተላለፍ ይረዳል።

ሁለተኛው ማሳከክን በአንድ ቀን የሚያቆሙ፣ ስቴሮይድ የተቀላቀለባቸው ቱቦ ቅባቶች ናቸው። ማሳከኩ ይጠፋል፣ ፈንገሱ ግን ከሥር እየተስፋፋ ይሄዳል።

ግሪሲዮፉልቪን ሁሉንም ፈንገስ እንደማያድን ደግሞ እወቁ። ቋቁቻ ላይ አይሠራም። አፍ ውስጥ እንደ እርጎ ነጭ ሆኖ የሚወጣው ሕመም ላይም አይሠራም፤ ለእሱ ሌላ መድኃኒት አለው። ስለዚህ የልጁን ክኒን «ፈንገስ ለፈንገስ» ብላችሁ ለአያት አትስጡ። አንዳንድ ክሊኒክ በግሪሲዮፉልቪን ፋንታ ተርቢናፊን የሚባል ክኒን ይሰጣል። እሱም ጥሩ ነው፣ ጊዜውም ያጥራል፤ የቀኑን ቁጥር ግን ከሰጣችሁ ባለሙያ ስሙ።

ከደብዳቤዎቻችሁ

«ልጄ እስኪድን ከትምህርት ቤት ይቅር ወይ?» አይቅር። ክኒኑን ከጀመረ ትምህርት ቤት መሄድ ይችላል። ቆብና ሚዶ ግን ከሌላ ልጅ ጋር አይዋዋስ። መምህራንም ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ልጆቹን ተቀበሏቸው።

«ጸጉሩን መላጨት አለብኝ?» ግዴታ አይደለም። ማሳጠሩ ቁስሉን ለማየትና ለማጠብ ይረዳል። ልጅቷ ግን ሹሩባዋ ከተላጨ ከቤት አልወጣም የምትል ከሆነ ተዉላት፤ ያለ መላጨትም ትድናለች። የምትላጩ ከሆነ በአንድ ምላጭ ሁለት ልጅ አትላጩ፤ ቆረቆር ብቻ ሳይሆን በደም የሚተላለፍ በሽታም ይመጣል። ጸጉር አስተካካዮችም ማሽናችሁን በየሰዉ መካከል አጽዱ።

«ሚዶ መግዛት አልችልም፣ ያለን አንድ ነው።» ቀቅሉት። የሚቀልጥ ፕላስቲክ ከሆነ በሳሙናና በሙቅ ውኃ እሹትና ፀሐይ ላይ አድርቁት፤ የታመመው ልጅ መጨረሻ ይበጠርበት። ሻሽና የትራስ ጨርቅም እንዲሁ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ።

«መዳኑን በምን አውቃለሁ?» ቅርፊቱ ጠፍቶ፣ ጥቁር ነጠብጣቡ ጠፍቶ፣ በተላጠው ቦታ አዲስ ጸጉር እኩል ሲበቅል ነው። ያኔም ቢሆን ክኒኑ አቁሙ እስክትባሉ ይቀጥል። የተሰጣችሁ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው ልጁን ይዛችሁ ኑ፤ ካለቀ በኋላ ከመጣችሁ በመካከል ክፍተት ይፈጠራል።

ደብዳቤ ለጻፉልን እኅታችን፦ ሦስቱንም ልጆች ይዘው ወደ ክሊኒክ ይምጡ። ክኒኑን እንዳካፈሏቸው በግልጽ ይናገሩ፤ ማንም አይቆጣዎትም። ሕክምናው ከአንደኛው ቀን እንደገና ይጀመራል። የልጆቹን የራሽን ካርድና የተረፈ ክኒን ካለ ይዘው ይምጡ።